የቡናችን ጥላ ዛፎች ተተኪ እያጡ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች

ሰላም እንዴት ናችሁ። ምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ስራዬም ኑሮዬም ከተማው ውስጥ ነው ግን የቤተሰብ ቡና ማና ወረዳ የቡ አካባቢ ስላለን ግማሽ ልቤ ሁሌም እዛ ነው። ዘንድሮም የችግኝ ሰሞን ሲደርስ ሬዲዮውም ቲቪውም ፌስቡኩም ስለ ተከላ ብቻ ስለሚያወራ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል ብዬ ነው። እኔ ተከላን አልቃወምም፣ ይተከል። የኔ ጥያቄ ማንም ሳይተክለው በራሱ የበቀለውን ለምንድነው በገጀራ ምንጨፈጭፈው ነው።

ነገሩን ላስረዳ። ከጅማ በአጋሮ መንገድ የሄደ ሰው መኪና ውስጥ ሆኖ ግራና ቀኝ ሲያይ ሁሉም ጫካ ነው ሚመስለው፣ እንግዳ ሲመጣ "ወይ ጅማ አረንጓዴ" ይላል፣ እውነቱን ነው አረንጓዴ ነው። ግን ወርዳችሁ ስትገቡበት አብዛኛው ቡና ነው። ከላይ ያሉት ትልልቆቹ ዛፎች ደግሞ የድሮው ጫካ ትራፊዎች ናቸው። ሰሳ (እኛ ጋ ሙካርባ ነው ሚሉት)፣ ዋንዛ፣ ብሳና ወይም በከኒሳ፣ ብርብራ፣ ቀረሮ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዶቅማ ወይም በዴሳ፣ ሾላ። አያቶቻችን መሬቱን ለቡና ሲያጸዱ ይሄ ጥሩ ጥላ ነው፣ ይሄ ቅጠሉ መሬት ያለማል፣ ይሄ ቀፎ ይሰቀልበታል እያሉ መርጠው የተዉአቸው ናቸው። ማንም በችግኝ አልተከላቸውም።

አሁን እነዚህ ዛፎች አርጅተዋል። የቡና ማሳ ያላችሁ ሰዎች እስቲ ገብታችሁ እዩት፣ ከታች ቡና፣ ከላይ ሽማግሌ ዛፍ፣ መሀል ላይ ምንም የለም። ወጣት ዋንዛ የለም፣ ወገብ የደረሰ ቀረሮ የለም። በየክረምቱ ንፋስ አንድ ሁለቱን ይጥላል፣ ሌላው ውስጡ በስብሶ ቆሟል፣ አንዱ ለጣውላ ይሄዳል። የወደቀው ቦታ ላይ ጸሀይ ይገባና ቡናው ይቃጠላል፣ ባለቤቱ ደንግጦ ቶሎ ሚያድግ ይፈልግና ግራቪሊያ ይተክልበታል፣ አልያም ቡናውን ነቅሎ ጫት ያረገዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጫካው ማንም "ጫካ ተጨፈጨፈ" ሳይል አንድ በአንድ እያለቀ ነው። ጫካ ሲቃጠል ወይ በመኪና እንጨት ሲጫን ሰው ይጮሀል፣ ይሄኛው ግን ድምጽ የለውም፣ እኔን ሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ምክንያቱ ምንድነው ካላችሁ አንዱና ዋናው ምንጣሮው ነው። ቡና በአመት አንዴ ሁለቴ ይመነጠራል፣ በተለይ ለቀማ ከመግባቱ በፊት ነሐሴ መስከረም ላይ ስሩ ይጸዳል፣ ካልጸዳ ለቃሚ አይገባም፣ የረገፈውም ፍሬ አይታይም። ይሄ መደረግ ያለበት ስራ ነው። ችግሩ ሰራተኛው ሚሰጠው ትእዛዝ ነው፣ "ከቡና ውጭ ያለውን በሙሉ ምታ" ነው ሚባለው። እሱ ደግሞ በኮንትራት ነው ሚሰራው፣ ቶሎ መጨረስ አለበት፣ ጎንበስ ብሎ ይሄ ምንድነው ብሎ ሚያይበት ጊዜ የለውም።

ባለፈው መስከረም እኛ ጋ ሲመነጠር ከሰራተኞቹ ፊት ፊት እየሄድኩ ሳይ ነበር። አንድ ትልቅ ጥቁር እንጨት አለን፣ ስሩ ላይ በቡናው መሀል የበቀሉት ቡቃያዎች ብዛታቸው ይገርማል፣ ከስንዝር አይበልጡም። የቅጠሉ እጀታ ቀላ ያለ ነው፣ ጠርዙ በስሱ የተከረከመ ይመስላል፣ ፊቱ ያብለጨልጫል፣ በጣታችሁ ብታሹት ደግሞ ጠንከር ያለ ሽታ አለው፣ አንዴ ያወቀው ሰው ሁለተኛ አይስተውም። አጠገቡ የወፍ ቆሎ አለ፣ ሳር አለ፣ ሀረግ አለ። ገጀራው መጣና ሁሉንም እኩል አጨደው። ልጁ ላይ አልፈርድም፣ ማንም አላሳየውም። ነገር ግን እዛች አንዲት ዛፍ ስር በአንድ ጠዋት የታጨደው ቡቃያ ሰው በፕላስቲክ ከረጢት አፈር ሞልቶ ውሃ እያጠጣ ላሳድገው ቢል የስንት ወር ልፋት ነው።

ከዛ ወዲህ ቤታችን ያደረግነው ነገር ቀላል ነው። ከምንጣሮው በፊት አንድ ሰው ማሳውን ይዞርና ጥሩ ቦታ ላይ የበቀለውን ቡቃያ ይመርጣል፣ ጎኑ ችካል ይተክላል፣ ችካሉ ጫፍ ላይ የደረቀ የኮባ ልጥ ያስርበታል፣ በቃ። ለሰራተኛው "ልጥ ያለበትን አትንካ" ይባላል። ሁሉንም መተው አይደለም፣ ሁሉም ቢተው ቡናው ጨለማ ይሆንበታል፣ ጥላ ሲበዛ ፍሬ እንደሚቀንስ ገበሬው ከኔ በላይ ያውቃል። አሮጌው ዛፍ ሊወድቅ የተቃረበበት ጋ፣ ክፍት የሆነበት ጋ፣ ድንበር ላይ፣ እዛ እዛ አንዳንድ መተው ነው። ወጪው የአንድ ሰው የግማሽ ቀን ስራ ነው። ጎረቤታችን ያሉ አንድ አዛውንት፣ ሁላችንም አባ ነው ምንላቸው፣ ይሄን አይተው "እኛ እኮ ድሮ ገጀራ የያዘው ባለቤቱ ራሱ ስለነበረ ችካል አያስፈልገንም ነበር፣ የትኛው የማን ልጅ እንደሆነ እናውቀው ነበር" አሉኝ። እውነት ነው፣ አሁን ባለቤቱ ከተማ ነው፣ ሚመነጥረው የቀን ሰራተኛ ነው፣ እውቀቱ መሀል ላይ ወድቆ ቀረ።

ስለ ችግኝ ጣቢያዎች ደግሞ ልናገር። ባለፈው ክረምት አንድ ጣቢያ ሄጄ ሀገር በቀል ፈልጌ ነበር፣ ያለው ባህር ዛፍ፣ ግራቪሊያ፣ የፈረንጅ ጽድ፣ ከፍራፍሬ አቮካዶ ነው። ሀገር በቀል ስል አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ዋንዛ አሳዩኝ። ሰራተኞቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ "ዘር አይመጣልንም" ነው ያሉኝ። እና ለምን እንደማይመጣ ሳጣራ ነገሩ ገባኝ። የባህር ዛፍና የግራቪሊያ ዘር ደቃቅና ደረቅ ነው፣ ታሽጎ ይቀመጣል፣ ከሩቅ ተገዝቶ ይመጣል፣ ሚዘራበትን ጊዜ አንተ ትወስናለህ። የጥቁር እንጨት፣ የቀረሮ፣ የዶቅማ ዘር ግን እንደዛ አይደለም፣ ከደረቀ ይሞታል። ፍሬው በረገፈ ሰሞን ተለቅሞ፣ ስጋው ታጥቦ፣ እርጥበቱን እንደያዘ ቶሎ መዘራት አለበት። ስለዚህ ከመሀል ሀገር በጆንያ ሚመጣ ዘር ጠብቆ ሚሰራ ጣቢያ እነዚህን ዛፎች መቼም አያፈላቸውም፣ ቢመጣለትም የሞተ ዘር ነው ሚደርሰው። መፍትሄው እዚሁ ጅማ ዙሪያ እናት ዛፎችን መርጦ መመዝገብና ፍሬ ሲረግፍ ለሚለቅም ሰው መክፈል ነው። ልጆች እኮ በደስታ ይለቅማሉ፣ የዋንዛን ፍሬ ድሮም እየበሉት ነው፣ ያቺን ሙጫ የመሰለች ስጋ መጥጠው ፍሬዋን ይጥሏታል፣ ያ የተጣለው ነው ዘሩ። ዋንዛና ሰሳ ደግሞ ዘራቸው ደርቆ መቀመጥ ስለሚችል እነሱን ላለማፍላት ምንም ሰበብ የለም።

ባህር ዛፍን ሰው እንዲጠላ እያልኩ አይደለም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤት የሰራንበት፣ እንጀራ የጋገርንበት ነው፣ ገበሬውም ልጅ ሊያስተምር ሲል እሱን ነው ሚሸጠው፣ ገበሬውን "አትትከል" ማለት ግፍ ነው። ግን ምንጭ አናት ላይና ረግረግ ውስጥ አይተከል። የተራቆተ ተዳፋት ላይ ወይ መንገድ ዳር ይሁን።

ገበሬው ሀገር በቀል ማይፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ፣ እሱን ሳንነካ ስለ ጥበቃ ብናወራ ዋጋ የለውም። ዋንዛ ወይ ቀረሮ አሳድጎ ሊቆርጠው ቢፈልግ ማሳው የራሱ ሆኖ እንኳ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ባህር ዛፍን ግን ነገ ጠዋት ቆርጦ ይሸጠዋል። ህጉ የወጣው ዛፎቹን ለማዳን ነው፣ አላማው ጥሩ ነው፣ ጫካ ውስጥ ላለው ዋንዛ ጥበቃው መኖር አለበት። ነገር ግን ገበሬው ነገ ችግር ሚያመጣብኝ ዛፍ ነው ብሎ ካሰበ ቡቃያውን ገና ስንዝር እያለ ይነቅለዋል፣ እየነቀለም ነው፣ በግልጽ የነገሩኝ አሉ። እኔ ምለው ገበሬው ራሱ ያሳደገውን ዛፍ ቀበሌ ወይ ግብርና ጽ/ቤት ይመዝግብለት፣ ወረቀት ይሰጠው፣ ሲደርስ ያለ ምልልስ ይቁረጥ፣ በአንዱ ፋንታ ጥቂት ቡቃያ እንዲያቆይ ብቻ ይገደድ። የጅማ በርጩማ ስንል እኮ ዋንዛ ነው፣ ያ ባለ ሶስት እግሩ በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው ተፈልፍሎ ሚወጣው፣ ዋንዛ ካለቀ ጠራቢዎቻችን በምን ሊሰሩ ነው፣ ግራቪሊያ ላይ ያ ስራ አይወጣም።

ማርም አለ። ጌራ አካባቢ ያለውን ነጭ ማር ሚያውቅ ያውቀዋል፣ ሄርማታ ሐሙስ ገበያ ሲመጣ ሰው ይሻማበታል። ያ ማር ገተማ ከሚባለው ዛፍ አበባ ነው። ገተማ ደግሞ ጠባዩ ልዩ ነው፣ ብዙ ጊዜ ህይወቱን ሚጀምረው መሬት ላይ አይደለም፣ ወፍ ያመጣው ዘር አንድ ትልቅ አሮጌ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ፣ ቅርንጫፉን ሽበት መስሎ በሸፈነው ለስላሳ ልባስ መሀል ይበቅልና ስሩን ቀስ እያለ ወደ መሬት ይሰዳል። ስለዚህ ገተማ እንዲኖር መጀመሪያ አሮጌ ዛፍ መኖር አለበት፣ ዘሩን ሚያመጣው ወፍም መኖር አለበት፣ ወፉ ሚያርፍበት ሌላ ዛፍ መኖር አለበት። ዛፍን ነጥሎ ማዳን ማይቻለው ለዚህ ነው። ጉሬዛውም ብትሉ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ነው ሚሄደው፣ መሀል ላይ ከተቆረጠበት ሜዳ ማቋረጥ ይፈራል። ከታች ያለው ኮረሪማና ጥምዝም ጥላና እርጥበት ካጡ አብረው ነው ሚጠፉት፣ የበርበሬና የቅቤ ቅመማችን እኮ ናቸው።

ቡናውስ። የኛ አረቢካ ትውልዱ የደቡብ ምዕራብ ጫካ ነው፣ ከዛፍ ስር የበቀለ ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ ሚያጠቃው ሲቢዲ የሚባለው በሽታ ሀገራችን ሲገባ ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ እያጠቆረ ያረግፈው ነበር፣ የዛ ዘመን ሰዎች ሲያወሩት አሁንም ፊታቸው ይለዋወጣል። ያዳነን ምንድነው? እዚሁ ጅማ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ጫካ ለጫካ ዞረው በሽታው ያልነካቸውን የቡና እናቶች ፈልገው ማግኘታቸው ነው። ዛሬ ገበሬው በቁጥር እየጠራ ሚጠይቃቸው 74110፣ 74112፣ 74148፣ 74165 የዛ ፍለጋ ውጤቶች ናቸው፣ 74ቱ የፈረንጆቹ 1974 ነው፣ የተገኙትም ከኢሉባቦር መቱ አካባቢ ነው። ያኔ ጫካው ባይኖር ኖሮ ከየት ይገኙ ነበር? ነገ ሌላ በሽታ ሲመጣ፣ ሙቀቱም ሲጨምር፣ ተመራማሪ የት ሄዶ ነው ሚፈልገው? በቅርብ ዓመታት እኮ በዱር ያለው አረቢካ ራሱ ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ አለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ላይ ገብቷል። የቡና ዘር ደግሞ እንደ ጤፍና ስንዴ ደርቆ በረዶ ቤት ውስጥ ለረጅም ዘመን አይቀመጥም፣ በህይወት መሬት ላይ ተተክሎ ነው ሚጠበቀው፣ ጎማ ወረዳ ጮጬ ላይ ያለው የቡና ጂን ባንክ ሜዳ የሆነበት ምክንያት ይሄው ነው። ግን ሜዳ ላይ የተተከለው ባለበት ይቆማል፣ ጫካ ውስጥ ያለው ነው ከበሽታውም ከአየሩም ጋር እየተላመደ ሚሄደው፣ ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጉናል።

ሰው "ጥበቃ የመንግስት ነው፣ የካፋና የያዩ ጫካዎችን በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝግቧቸዋል፣ ይበቃል" ሲል እሰማለሁ። እነሱ መመዝገባቸው ደስ ይላል። ግን የኛን የማናን፣ የጎማን፣ የሰቃን፣ የሊሙን ዛፍ ማን መዝግቦት ያውቃል? የኛ ጫካ የገበሬው ማሳ ውስጥ ነው ያለው፣ ጠባቂውም ገበሬው ነው። በሌላ በኩል እዚሁ ዞናችን በለጠ ጌራ ላይ የተሰራ ጥሩ ነገር አለ፣ ዋቡብ በሚባሉት የደን አስተዳደር ማህበራት ነዋሪው ደኑን ራሱ እንዲያስተዳድር ተደረገ፣ የጫካ ቡናውም ሰርተፊኬት አግኝቶ በተሻለ ዋጋ ሚሸጥበት መንገድ ተሞክሮ ነበር። ገበሬው ከቆመው ዛፍ ብር ሲያገኝ ዛፉን አይቆርጥም፣ ቀላል ሂሳብ ነው። ይሄ አሰራር ጫካ ላለው ወረዳ ብቻ ለምን ይሆናል፣ ጥላ ዛፍ ሚጠብቅ የማሳ ቡናስ ለምን አይታሰብለትም? ዩኒየኖቹና ላኪዎቹ ይሄን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል፣ የውጭ ገዢ እንኳን በጥላ ስር ለበቀለ ቡና ሲጨምር ነው ሚታየው።

አንድ ነገር ከከተማችን ልጨምር፣ ቦዬን። ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ያለውን ረግረግ ማለቴ ነው፣ ጉማሬ ያየንበት፣ ለበዓል ወለል ላይ ምንጎዘጉዘው ቄጠማ ሚታጨድበት። ዳር ዳሩ ለጡብ ጭቃ እየተቆፈረ፣ ባህር ዛፍ እየተተከለበት፣ ቆሻሻም እየተደፋበት ነው። ረግረግ ብዙ ሰው ባዶ ቦታ ይመስለዋል፣ ነገር ግን ከከተማው የወረደውን ጎርፍ ይዞ ቀስ እያለ ሚለቀው፣ አፈሩንም አስቀርቶ ወደ ግልገል ጊቤ ሚሄደውን ደለል ሚቀንሰው እሱ ነው፣ ግድቡ በደለል ሲሞላ መብራት ሚያጣው ደግሞ ሁላችንም ነን። እዛ ጋ ዛፍ መትከል አያስፈልግም፣ የራሱ ሳርና ቄጠማ አለው፣ ሚያስፈልገው እንዲተው ነው። ችግኝ ይዞ ወጥቶ ረግረግ ላይ መትከል በቅን ልብ ሚደረግ ጥፋት ነው፣ ለሚያስተባብሩት ሰዎች ይሄን ብታደርሱልኝ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ሲነገር እኔም ወጥቼ ተክያለሁ፣ ህዝቡ በዛ ልክ መውጣቱ አሁንም ደስ ይለኛል። ያን ሁሉ ሰው ማስወጣት ከተቻለ፣ ነሐሴ ላይ አንድ ቀን የቡቃያ ቀን ተብሎ ጅማ ዞን ውስጥ ያለ ባለ ቡና ሁሉ ማሳውን ዞሮ ችካል እንዲተክል ማድረግ ምን ይከብዳል? የልማት ጣቢያ ሰራተኞች አሉ፣ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ መስጊድና ቤተክርስቲያን አለ፣ ሐሙስ ገበያ ላይ በማይክ ቢነገር እንኳ ይሰማል። ሪፖርት ሲደረግም "ይህን ያህል ተተከለ" ብቻ ሳይሆን "ይህን ያህል በራሱ የበቀለ ተርፏል" የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ባለሙያው እሱንም ይፈልጋል፣ አሁን ግን ሚቆጠረው ከጣቢያ የወጣው ብቻ ስለሆነ የተረፈው ቡቃያ ለማንም ነጥብ አይሆንም።

እናንተን ምጠይቃችሁ ደግሞ ይሄን ነው። ሰው ትልቁን ዛፍ ያውቀዋል፣ ቡቃያውን ግን አያውቀውም፣ የብዙው ዛፍ የህጻንነት ቅጠል ከትልቁ ይለያል። ከሰኔ እስከ መስከረም በየሳምንቱ የአንድ ሀገር በቀል ቡቃያ ፎቶ ጥርት ያለ በከለር ብታወጡልን፣ ስሙን በአማርኛም በኦሮምኛም ጻፉበት፣ ሰው ቆርጦ ለሰራተኛው ያሳያል። በጥቁር እንጨት፣ በቀረሮ፣ በዋንዛ፣ በሰሳና በዶቅማ ብትጀምሩ ጥሩ ነው። ፎቶ ካስፈለጋችሁ የኛ ማሳ ክፍት ነው፣ የአራቱን እኔ አነሳለሁ፣ ቀረሮውን ግን እኛ ጋ ቡቃያ ስለሌለው ጌራ በኩል ያለ ሰው ቢልክላችሁ ይሻላል።

አክባሪያችሁ
ከጅማ